ዐሥር ከዐሥር ያገኘንበት ስህተት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብታኮርፍ አልፈርድብህም። ሰበብም አልደረድርም። ያስታወሰችኝ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ግቢያችን ሰብስቤ በረራ አስተምራለሁ። በወረቀት፣ በካርቶን፣ በስትሮ። መጀመሪያ የሠራነው ሁሉ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ይቆምና ይፈጠፈጥ ነበር። አፍንጫው ላይ የወረቀት ክሊፕ ስንሰካበት ቀጥ ብሎ አጥሩ ድረስ ሄደ። ክብደቱ ወደ ፊት መጣ ማለት ነው። ይህን በቃል ባስረዳ ማን ይሰማኝ ነበር?

ከዚያ ስለ ክንፍ ላስረዳ ተነሳሁ። ትምህርት ቤት የተማርነው ትዝ ይልሃል? የክንፉ ጀርባ ጎበጥ ያለ ነው፤ በላይ የሚያልፈው አየር መንገዱ ይረዝማል፤ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፤ ክንፉን የሚያነሳውም ይኸው ነው። ሁለታችንም ጽፈነው ዐሥር ከዐሥር አግኝተናል። ልጅቷ የወረቀት አውሮፕላኗን አንስታ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ክንፍ እኮ ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ ለምን በረረ?» አለችኝ።

አፌን ያዝኩ። ማታ ሳነብ የላዩ አየር መፍጠኑ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ውሸት። እኩል የመድረስ ግዴታ የለበትም፤ እንዲያውም ቀድሞ ያልፋል። ክንፍ አየሩን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሚኒባስ መስኮት እጅህን አውጥተህ ዘንበል ስታደርገው የሚሰማህ እሱ ነው (ረዳቱ እስኪጮህብህ ድረስ)።

አውሮፕላን የሠሩት ራይት ወንድማማቾችም ከሌላ ሰው የክንፍ ስሌት ሰንጠረዥ ተነስተው የሠሩት ተንሸራታች (ሞተር የሌለው በራሪ) እንዳሰቡት አልነሳ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 ብስክሌት ሱቃቸው ውስጥ ከእንጨት ሣጥን፣ ነፋስ እየነፋ ክንፍ የሚፈተሽበት መሣሪያ ሠሩ። ወደ 200 የሚጠጉ ትንንሽ ክንፎች ለኩበት። እኛም በካርቶንና በቬንትሌተር ጀምረናል። መብራት ሲኖር ነው ታዲያ።

አሁን ወደ ልመናዬ። አንተ ዋሽንግተን ነህ። እ.ኤ.አ. በ1903 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ 12 ሰከንድ ብቻ የበረረው አውሮፕላናቸው እዚያው የአየርና የሕዋ ሙዚየም ውስጥ ነው። ክንፉን ከጎኑ ፎቶ አንስተህ ላክልን። ስስ ነው፣ ላዩም ታቹም አብሮ የጎበጠ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እኔን ብቻ አታምንም።

ናፋቂህ