ክዳኑን አትመልሺ

ባሕር ዳር

ይድረስ ለልጄ፤

ወንድምሽ ነገረኝ። አትቆጪው፤ ሲንተባተብ ይዤ ያስጨነቅሁት እኔ ነኝ። አይጧን ወግተሽ የመርፌውን ክዳን መልሰሽ ስትገጥሚ፣ ትንኝ የምታስተላልፈውን፣ ትኩሳትና ቁርጥማት የሚያመጣውን የቺኩንጉንያ ቫይረስ የያዘው መርፌ ጓንቱን በስቶ ጣትሽ ገባ። ታጠብሽ፣ ሌላ ጓንት አጠለቅሽ፣ ሥራሽን ቀጠልሽ። «ሙከራውን ያስቆሙብኛል» ብለሽም ለማንም ትንፍሽ አላልሽም።

ሸጋዬ፣ ቁጣው ይቆየን። ይህን እንዳነበብሽ ለላብራቶሪው የደኅንነት ኃላፊ አሳውቂ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቫይረሱን ዓይነት፣ ሲሪንጁ ውስጥ የነበረውን መጠን ጻፊ። ደም ይውሰዱልሽና ሴረሙ (የደሙ ጠሩ ፈሳሽ) ተለይቶ ይቀመጥ፤ ኋላ ብትታመሚ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ይጀምራል፣ ሳይጀምር እስከ 12 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ሙቀትሽን እየለካሽ መዝግቢ። ትኩሳት ከመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያዋጣው ራሱን ቫይረሱን የሚፈልገው ምርመራ፣ ፒሲአር፣ ነው፤ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በዚያ ሰዓት ባዶ ቢያሳይ አትዘናጊ፣ ገና ስላልተመረተ ነው። ለቁርጥማቱ ፓራሲታሞል ውሰጂ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳትነኪ፤ እዚያው ክፍል ዴንጊ በሚባለው፣ ደም ሊያፈስስ በሚችለው የትንኝ ቫይረስም ላይ ትሠራላችሁ፣ እሱ ከሆነ መድማቱን ያብሱብሻል።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ፣ አይግጠምሽና፣ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ታጠቢው። አትጭመቂው፣ በረኪናም አታፍስሺበት። ክዳኑን ደግሞ አትመልሺ። ሴፍቲ ቦክሱ፣ የመርፌ መጣያው ሳጥን፣ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ፣ የምትሠሪበት ካቢኔ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወግተሽ በቀጥታ ጣይ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ቀይሪው፤ የሞላ ሳጥን ውስጥ በግድ ስትገፊም መርፌ ይወጋል።

ይህን ያህል የማካብደው እዚያ ከምትሠሩባቸው ቫይረሶች አንዳንዶቹ ከአይጧ ይልቅ አንቺን ስለሚያውቁ ነው። ደህና አይጥ ላይ ዴንጊን ወይም ዘመዱን ዚካን ብትወጊ ብዙም ሳትታመም ታልፋለች። የእነዚህ ቫይረሶች ኤንኤስ5 የሚባል ፕሮቲን በሰው ሴል ውስጥ የኢንተርፌሮንን፣ የሰውነትን የመጀመሪያ የፀረ ቫይረስ ማንቂያ፣ መልእክት የሚያደርሰውን ስታት2 የተባለ ፕሮቲን ያጠፋል፤ የአይጧን ስታት2 ግን ማጥፋት አይችልም። የኢንተርፌሮን መቀበያ የሌላቸውን ኤጂ129 አይጦች የምትገዙትም ለዚህ ነው። በእነሱ ላይ ቫይረሱ እንዳሻው ይባዛል፤ ደማቸውን የቀዳሽበት መርፌም የዚያኑ ያህል የከፋ ነው። አይጧን የሚጠብቃት አጥር አንቺን አይጠብቅሽም ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ በእነዚህ አይጦች ያገኘሽውን ነገር ስትጽፊ ተጠንቀቂ። መድኃኒት ለመፈተን ይበጃሉ። ሰውነት በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱን እንዴት እንደሚታገል ለማወቅ ግን አይሆኑም፤ የሚታገለውን ክፍል አስቀድመሽ አውጥተሽዋል። ለቺኩንጉንያ ቁርጥማት ደግሞ ጭራሽ አትሞክሪያቸው፤ ቁርጥማቱን በደንብ ሳታዪ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞቱብሻል። ለእሱ ብላክ 6 የምትባለው ደህናዋ የላብራቶሪ አይጥ ትበቃለች፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ዕድሜ ያላት። እብጠቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን አነስ ብሎ፣ በ6ኛውና በ7ኛው ቀን በርትቶ። ሁለተኛውን በብዛት የሚያመጡት የራሷ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። የቫይረሱ ቁጥር ወርዶ እግሩ ቢያብጥ «ተሳሳትሁ» ብለሽ እንዳትደግሚው።

ወንድምሽ «ውጤቴ ይዘበራረቃል ትላለች» አለኝ። መጀመሪያ የምጠረጥረው መጠኑን ነው። ስቶክሽ (ያከማቸሽው ቫይረስ) በሚሊ ሊትር 10,000,000 ፕላክ፣ ማለትም ሴሎች የሞቱበት ቀዳዳ፣ የሚሠራ ቫይረስ ካለው፣ መቶ ጊዜ ስታቀጥኚው በ10 ማይክሮ ሊትር ውስጥ 1,000 ይሆናል። ይህ ግን ወረቀት ላይ ነው። ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ቫይረስ ኃይሉ ይወርዳል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ አስቀምጪው፤ አንዴ የቀለጠውን አትመልሺው። አይጦቹን ወግተሽ ስትጨርሺ ሲሪንጁ ውስጥ የቀረውን በዚያው ቀን ቬሮ በሚባለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ በሚያድገው የጦጣ ሴል ላይ ዘርተሽ ፕላኩን ቁጠሪ። የወጋሽው ስንት እንደነበረ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ እጅሽን። በማደንዘዣው ጋዝ፣ በአይሶፍሉሬን፣ አስተኚያት፤ የምትፈራገጥ አይጥ ይዞ መውጋት ለእሷም ለአንቺም አይሆንም። መርፌው ከሲሪንጁ ጋር አብሮ የተሠራውን የኢንሱሊን ሲሪንጅ ተጠቀሚ፤ የሚነቀለው ዓይነት ሲጫኑት ተፈናጥሮ ቫይረሱን ይረጫል። የአየር አረፋውን አስወጪ። የመርፌው ሰያፍ አፍ ወደ ላይ ሆኖ ከእግሯ መዳፍ ቆዳ ሥር ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ ከመንቀልሽ በፊት ጥቂት ሰከንድ ታገሺ። ፈጥነሽ ከነቀልሽ ከ10 ማይክሮ ሊትሩ ከፊሉ ተመልሶ ይፈሳል፣ አንቺም «ይህቺ አይጥ ትቋቋማለች» ብለሽ ትጽፊያለሽ። እግሩን ከመውጋትሽ በፊት ለኪ፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይለካ፣ የትኛዋ ምን እንደተወጋች ሳያውቅ። በአካል ክፍል ውስጥ ያለውን ቫይረስ የምትቆጥሪ ከሆነ ደግሞ ጉበቷ እስኪነጣ ደሟን በልቧ በኩል አጥበሽ አውጪ፤ ያለዚያ የደሙን ቫይረስ የመገጣጠሚያው ነው ብለሽ ትቆጥሪያለሽ።

አይጥና መርፌ አብረው የቆዩ ናቸው። ቢጫ ወባን (ስሙ ወባ ይባል እንጂ ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ነው) ሲያጠኑ ተመራማሪዎቹ አድሪያን ስቶክስ በ1927 ሌጎስ ላይ፣ ሂደዮ ኖጉቺ በ1928 አክራ ላይ በዚያው በሽታ ሞቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔ የሚሠራው በውድ ጦጣ ነበር። ማክስ ታይለር በ1930 ነጭ አይጥ አንጎሏ ላይ ከተወጋች እንደምትታመም አሳየ፤ ሥራው ረከሰ፣ ፈጠነ። እሱም በሥራው ላይ ታሞ ተርፏል። በአይጥ አንጎል ውስጥ ሲመላለስ የከረመው ቫይረስ ጉበትን እየተወ ወደ አንጎል የሚሄድ ሆነ። ቫይረስ በምታሳድጊበት ሰውነት ልክ እንደሚለወጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። ታይለር ግን ይህን አይቶ አልተወውም፤ በአይጥ ሽል፣ ኋላም አንጎሉ በወጣለት የጫጩት ሽል ሕብረ ሕዋስ እያሳደገ በ1937 ክትባቱን፣ 17ዲን፣ አደረሰ። በ1951 ኖቤል ተሸለመ።

እኛ ዘንድስ? ክትባቱ ከተሠራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ አካባቢ ቢጫ ወባ ገብቶ ወደ 30,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። አንቺን ወደዚህ ትምህርት ስገፋሽ በልቤ የነበረው እሱ ነው፤ ነግሬሽ አላውቅም። ባትገፊኝ ብለሽ ታውቂ ይሆናል።

ከታሪኩ ስመለስ፣ ክዳኑን አትመልሺ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ አንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ ዌስት ናይል የሚባል ቫይረስ የያዛቸውን አይጦች አንጎል ሲያወጣ በመርፌ ተወግቶ ታሟል። ደህና ሆኗል። ሁሉም እንደሱ አይሆንም።

እዚህ ሰላም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅሽ የምትማረው የወባ ነው?» ይለኛል። የፎገራው ሩዝ ማሳ የሚያፈላት የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ፣ ማታ የምትነክስ እንደሆነች፣ የአንቺን ቫይረሶች የምታስተላልፈው ትንኝ፣ ኤደስ፣ ግን በቀን የምትነክስ፣ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ የምትራባ እንደሆነች ማስረዳት ሰልችቶኛል። ከባጃጅ ጋራዡ ጎን የተከመረውን ጎማ ክረምት ሳይገባ እንዲያነሡ ጨቅጭቄያቸዋለሁ።

በርበሬና ሽሮ ቅዳሜ በምትበረው ልጅ እልክልሻለሁ፤ ቅቤውን አየር ማረፊያ ላይ ስለሚቀሙ ተውኩት። የሞላሽውን ቅጽና የደሙን ውጤት ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት አልቀበልም፤ ቁጥሩን ነው የምፈልገው።

እናትሽ