የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ያልነበረው ንጉሥ

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን ብዙ ሠርቷል። የዓድዋን በዓል በግጥምና በጭውውት አክብረናል፣ ብሔራዊ ሙዚየምን ጎብኝተናል፣ የግድግዳ መጽሔታችንም ሳይቋረጥ ወጥቷል። እኔ ግን ገጹን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብሰጠው እመርጣለሁ።

ርዕሳችን የዙፋን ውርስ ነበር። ቢቢሲ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳየውን የ«ብላክ አደር» አስቂኝ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ከፈትኩላቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው።) እንግሊዝኛው ከበድ ስለሚል እያስቆምኩ አስረዳኋቸው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ነሐሴ 1485 በቦስዎርዝ ጦርነት ላይ ተገድሎ ዘውዱ ወደ ሄንሪ ቱዶር አልፏል። ኮሜዲው ይህን ይገለብጠዋል። ሪቻርድ ያሸንፋል። እንቅልፍ ጥሎት ዘግይቶ የመጣው ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤድመንድ ግን «ፈረሴን ሊሰርቅ ነው» ብሎ የንጉሡን አንገት ይቀላል! ዘውዱ የኤድመንድ አባት ላይ ያርፍና «ሪቻርድ አራተኛ» ይባላል። እኛ የምናነበው ታሪክ ደግሞ የሄንሪ ቱዶር ውሸት ነው ይለናል ተራኪው።

ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልነው፤ በአንዱ በኩል «የሆነ»፣ በሌላው «የተፈጠረ»። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠመኔውን ተቀብላ 1473 ብላ ጻፈች። «ይሄ አባት የተባለው እኮ ለንደን ግንብ በሚባለው ምሽግ ገብተው ከጠፉት ሁለት ልዑላን፣ ከሪቻርድ ሦስተኛ የወንድም ልጆች፣ ትንሹ ነው። በ1473 ተወልዶ በ1485 ገና 12 ዓመቱ ነው። እንዴት ሁለት ጎረምሳ ልጆች ይኖሩታል?» አለች። አንጀቴን አራሰችው።

ክርክሩ የጦፈው ግን ስለ ሪቻርድ ሦስተኛ ገላ ነው። በሄንሪና በዘሮቹ በቱዶሮች ዘመን የጻፉት ሰዎች ጀርባው ጎባጣ፣ አንድ ክንዱም የሰለለ ነበር ብለዋል። ግማሹ ክፍል «ስም ማጥፋት ነው» አለ። በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘውን አጽሙን ፎቶ አሳየኋቸው። አከርካሪው በግልጽ ወደ ጎን ተጣሟል፤ ክንዶቹ ግን ደህና ናቸው። ታዲያ ጸሐፊዎቹ ዋሹ ወይስ አልዋሹም? ደወሉ ተደውሎም የሚነሳ ጠፋ።

ኮሜዲ ታሪክ ያበላሻል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። ብቻውን ከታየ ያሳስታል፤ የመማሪያ መጽሐፉ አጠገቡ ተከፍቶ ሲታይ ግን ልጆቹ ራሳቸው ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ሲወጡ አንዱ «ያኔ እኛ ጋ ማን ነግሦ ነበር?» አለኝ። አፄ እስክንድር ነበሩ፤ ከ1478 እስከ 1494። እሳቸውም የነገሡት በልጅነታቸው ነው፤ አገሩን በሞግዚትነት የያዙት ሌሎች ነበሩ። የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶችም በዚያ ዘመን አምባ ግሸን ላይ ይጠበቁ ነበር። የመጪው ዓመት ጥናታችን እሱ ነው። በቤተ መጻሕፍታችን ስለ ዘመኑ ያለው መጽሐፍ ጥቂት ስለሆነ፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የአማርኛ ትርጉም ቤታቸው ያለ ወላጆች ቢያውሱን ክበቡ በጥንቃቄ ይዞ ይመልሳል።