‹‹ከአደጋው በፊት የት ነበራችሁ?›› ብለን እንጠይቅ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

አደጋ በደረሰ ቁጥር ከዜናችሁ ሥር ‹‹መርዳት ለምትፈልጉ›› የሚል ዝርዝር ታወጣላችሁ። ጥሩ ታደርጋላችሁ። ሰው ዜናውን አንብቦ አንጀቱ ከተላወሰ በኋላ ገንዘቡን ወዴት እንደሚልክ ግራ ይገባዋል። ዝርዝሩ ቢያንስ መነሻ ይሆነዋል። ግን ያለው ስምና የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ድርጅት ምን እንደሚሠራ፣ በቦታው ሰው ይኑረው አይኑረው፣ ገንዘቡ ቢተርፍ ምን እንደሚያደርገው አይነገርም። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ብዙ ሰው ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀው ‹‹ከመቶ ስንቱ ለአስተዳደር ይሄዳል?›› ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ይህ ድርጅት አደጋው ከመድረሱ በፊት እዚያ ነበር ወይ? ካሜራው ከሄደ በኋላስ ይቆያል?

ለምን ይህን አስቀደምኩ? ሕንጻ ሲፈርስ ሰው የሚድነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በጥር 1995 የጃፓኗን ኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በእጃቸው፣ ባገኙት ብረትና መጋዝ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ በሕይወት የሚገኝ ሰው በጣም ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት ደግሞ ብዙው የውጭ አገር ነፍስ አድን ቡድን ገና እየደረሰ ነው። ስለዚህ ለውጥ የሚያመጣው እዚያው ሰፈር የሚኖር፣ ቀድሞ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ነው። ቅርብ መጋዘን ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ ድንኳን፣ ብርድ ልብስና የውሃ ማጣሪያ ነው። ያ ድንኳን የተገዛው አምና በተሰጠ ገንዘብ ነው። ዛሬ ምስሉን አይተን የምንልከው ደግሞ በአብዛኛው ለቀጣዮቹ ወራትና ለሚመጣው አደጋ ነው የሚደርሰው። ይህን ያወቀ ሰው ምርጫው ይለወጣል።

ይህን የገባቸው ተቋማት ገንዘብ አስቀድመው ያዘጋጃሉ። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ከ1985 ጀምሮ ለአደጋ የሚሆን ፈንድ አለው። በአንድ አገር የሚገኝ የቀይ መስቀል ወይም የቀይ ጨረቃ ማኅበር አደጋ ሲገጥመው የሕዝብ መዋጮ እስኪሰበሰብ ሳይጠብቅ ከዚያ ይወስዳል። የተባበሩት መንግሥታትም በመጋቢት 2006 ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ፈንድ የሚባለውን ሥራ አስጀምሯል። በሐምሌ 2020 ባንግላዴሽ ውስጥ ወንዙ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሳይደርስ፣ በትንበያ ብቻ ተነሥቶ ከዚህ ፈንድ ገንዘብ ወጣ። ሰዎቹ ጎርፉ ሳይበረታ በስልካቸው ገንዘብ ደረሳቸው። ከብቶቻቸውን ወደ ከፍታ ለማሸሽ፣ ስንቅ ለመያዝ ጊዜ አገኙ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። ለእንዲህ ያለ ፈንድ መስጠት ግን አያጓጓም። የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ የለውም። እናንተም በዝርዝራችሁ ውስጥ አንድም ቀን አላወጣችሁትም።

ቀጥሎ የማነሣው ‹‹ለዚህ አደጋ ብቻ›› ብሎ መስጠት የሚያመጣውን ጣጣ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የህንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ጨረሰ። ዓለም እጁን ዘረጋ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልግስና ታይቶ አይታወቅም ነበር። ከአንድ ሳምንት ብዙም ሳያልፍ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ብድግ ብሎ ‹‹ለሱናሚው የሚበቃንን አግኝተናል፣ ለዚሁ ብላችሁ አትስጡን›› አለ። የሰጡትንም ሰዎች ገንዘባቸው ለሌሎች ቀውሶች እንዲውል እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። ሌሎች ድርጅቶች በዚህ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ የሰጪውን ስሜት ያቀዘቅዛል ብለው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እርዳታ ድርጅት ታማኝነት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ መግለጫ ነው። ‹‹በቃን›› የሚል ድርጅት ‹‹ጨምሩ›› ሲልም አምነዋለሁ።

በኋላ የሱናሚውን እርዳታ በጋራ የገመገሙ ድርጅቶች ያወጡት ቁጥር አለ። ለሱናሚው ተጎጂዎች በነፍስ ወከፍ 7,100 ዶላር ገደማ ተሰብስቧል። በዚያው በ2004 ባንግላዴሽ ውስጥ በጎርፍ ለተጎዱት ግን በነፍስ ወከፍ የዋለው 3 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱንም ውሃ ነው የመታቸው። የአንደኛው ግን በቪዲዮ ተቀርጾ በየቤቱ ታየ፣ የሌላኛው አልታየም። የተትረፈረፈው ገንዘብም ቢሆን በረከት ብቻ አልነበረም። በአንዳንድ የስሪ ላንካ ዳርቻዎች ከጠፋው በላይ ጀልባ ታደለ። ጥራቱ የማያስተማምን ጀልባ ባሕር ውስጥ ሰው ይገድላል። ድርጅቶቹ ገንዘቡን ‹‹ለሱናሚ›› ተብሎ ስለተሰጣቸው ለሌላ ማዋል አልቻሉም፣ ጀልባ ደግሞ በፎቶ ያምራል።

ስለዚህ ስትሰጡ ቅጹ ላይ ‹‹በጣም ወደሚያስፈልግበት ቦታ›› የሚል ምርጫ ካለ እሱን ምረጡ እላለሁ። ብዙዎች ይህን ይፈራሉ፣ ገንዘቤን ውሃ በላው ይሆናል ብለው። ድርጅቱን በዚህ ልክ ካላመናችሁት ግን ለተሰየመ አደጋም ቢሆን ባትሰጡት ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ መቆየት የሚባለው አለ። ጥር 12 ቀን 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ሰዎች ከስልካቸው በአጭር መልእክት አሥር አሥር ዶላር ሰጥተው ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ብቻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣ። ድርጅቱ በጠቅላላ የሰበሰበው ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነበር። በ2015 የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ በዚያ ገንዘብ የተሠሩት ቋሚ ቤቶች 6 ብቻ መሆናቸውን ገለጠ። ድርጅቱ ገንዘቡ ለጊዜያዊ መጠለያ፣ ለጤናና ለሌላም ሥራ ውሏል ሲል ተከራክሯል፤ በሌሎች ድርጅቶች በኩል የተሠራም ብዙ ነው። ቢሆንም ከምርመራው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። አገሩን የማያውቅ፣ ቋንቋውን የማይናገር ኃላፊ እየበዛ ሥራው ተጓተተ። መሬቱ የማን እንደሆነ ለማጣራት ብቻ ዓመት ያልፋል። ቀድሞ እዚያ የኖረ ድርጅት የትኛው ቢሮ መሄድ እንዳለበት፣ የትኛው ሽማግሌ ዘንድ መድረስ እንዳለበት ያውቃል። ይህ እውቀት በገንዘብ በአንድ ጀምበር አይገዛም።

አገር በቀል ድርጅቶች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። በ2016 ኢስታንቡል ላይ በተካሄደው የዓለም የሰብዓዊ እርዳታ ጉባኤ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች እስከ 2020 ድረስ ቢያንስ 25 በመቶ የሚሆነው ገንዘብ በተቻለ መጠን በቀጥታ በየአገሩ ላሉ ምላሽ ሰጪዎች እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር። ከቃሉ ጋር የተራራቀ ነው የተፈጸመው። ግለሰብ ሰጪ ግን ማንንም መጠበቅ የለበትም። አነስተኛ ድርጅት ከሆነ፣ መመዝገቡን፣ ከሒሳቡ ገንዘብ ለማውጣት ከአንድ በላይ ሰው የሚፈርም መሆኑን፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደሠራ የጻፈው ሪፖርት መኖሩን ማየት ነው። ደውላችሁ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ ያ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ስለ አስተዳደር ወጪ ብዙ አልልም። በ2013 ድርጅቶችን በመመዘን የታወቁት ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አላያንስ ራሳቸው በጋራ ደብዳቤ ጽፈው ድርጅትን በዚህ መቶኛ ብቻ አትመዝኑ ብለዋል። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ጠባቂ፣ የጭነት መኪና ጥገና ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ‹‹መቶ በመቶ ለተጎጂው›› የሚለኝን ድርጅት እኔ ጠጋ ብዬ ነው የማየው። ሒሳቡን የሚይዘው ማነው? ደመወዙንስ ማን ይከፍለዋል?

ዕቃ ከመላክ ገንዘብ መላክ ይሻላል ሲባል የሚከፋው ሰው አለ። አሮጌ ልብሱን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በካርቶን አሽጎ የሚያመጣ ሰው በፍቅር ነው የሚያመጣው። ያንን አልንቅም። ግን ካርቶኑ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እንይ። አንድ ሰው ይከፍተዋል። ውስጡ የክረምት ካፖርት፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ የሴት ጫማ፣ የሕፃን ልብስ ተደበላልቆ ይወጣል። በጾታ፣ በዕድሜ፣ በልክ መለየት አለበት። ለዩት ከተባሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ቤታቸው የፈረሰባቸው ናቸው። ከሱናሚው በኋላ በደቡብ ህንድ ዳርቻ አሮጌ ልብስ መንገድ ዳር ተከምሮ ነበር፣ ሙቀት ባለበት አገር የብርድ ልብስ ጭምር።

በመድኃኒት ሲሆን ይብሳል። በታኅሣሥ 1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ቢያንስ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ ጎረፈላት። ወዲያው ሥራ ላይ ሊውል የቻለው ግን 30 በመቶው ገደማ ነበር። ፋርማሲስቶች በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ሣጥን እየከፈቱ ሲለዩ ከረሙ። 20 በመቶው እንዲወገድ ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው እንዲህ ካለው ልምድ በመነሣት ነው። መድኃኒቱ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ እንዲቀረው፣ የሣጥኑም ጽሑፍ የተቀባዩ አገር ባለሙያ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሆን ይላል።

ገንዘብ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ገበያው እየሠራ ከሆነ ለተጎጂው በእጁ ገንዘብ መስጠት ሰውየው የጎደለውን ራሱ እንዲገዛ ያደርገዋል። አንዷ እናት ዱቄት ትፈልጋለች፣ ሌላዋ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ። ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ገንዘብ ተቀባዩ ለመጠጥ ያውለዋል የሚለውን ሐሜት በየጊዜው የሚያናፍስ አይጠፋም፤ በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን አይደግፉትም።

አጭበርባሪዎችን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አደጋው በደረሰ ማግስት ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ፖስት አስቡት። የሚያሳዝን ፎቶ፣ ከሥሩ በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንት፣ ‹‹ሰዓታት ብቻ ቀርተዋል፣ ሼር አድርጉ›› የሚል ጽሑፍ። ፎቶው የዛሬ አምስት ዓመት የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ጎግል ላይ አስገብቶ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ሰው ኮመንት ላይ ‹‹ገንዘቡን የሚያወጣው ማነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ‹‹በሰው ሞት ትከራከራለህ?›› ተብሎ ይሰደባል። መጠየቅ ርኅራኄ ማጣት አይደለም። ካትሪና የተባለው ማዕበል በ2005 አሜሪካን ከመታ በኋላ የማጭበርበሩ ብዛት የአገሪቱን የፍትሕ ሚኒስቴር የአደጋ ማጭበርበርን የሚከታተል ራሱን የቻለ ማዕከል እስከማቋቋም አድርሶታል። ሊንክ ሲላክላችሁ እሱን ከመንካት የድርጅቱን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ስማቸው ከታወቀ ድርጅት ጋር በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ገጾች አሉ።

አቅሙ ያለው ሰው ገንዘቡን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ባይጨርስ ጥሩ ነው። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከስድስት ወር በኋላ። ድንኳን ዝናብ ሲመጣ ይበሰብሳል። ዜናው ሲጠፋ መዋጮው ይቀንሳል፣ ሰዎቹ ግን እዚያው ናቸው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ዝርዝራችሁን አታቁሙ። ግን ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት መስመር ጨምሩ፤ ከመቼ ጀምሮ በቦታው እንዳለና ገንዘቡ ቢተርፍ ምን እንደሚያደርግ። ለዚህ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። የማይመልስ ድርጅት ካጋጠማችሁ ‹‹ጠይቀን አልመለሰልንም›› ብላችሁ ጻፉ። በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ ካለም ባለቤቱንና ገንዘቡን የሚቆጣጠረውን ሰው ሳታረጋግጡ አታውጡት። ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ማንም ስለ አደጋው በማያወራበት ሰዓት፣ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ወደነበሩት ድርጅቶች ደውሉና ምን እንደሠሩ ጠይቁ። መልሱን በፊተኛው ገጽ አውጡልን።

አንባቢያችሁ