ከሆቭ ሜዳ ለመቐለው ወዳጄ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው?

ከተጠፋፋን አምስት ዓመት አለፈን። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምክንያት ነበረኝ። ስልኩ ተቋርጦ ነበር፤ በየማታው ስሞክር አይጠራም። ከዚያ በኋላ ላለው ግን ምክንያት የለኝም። መስመሩ ተከፈተ ሲባል ቁጥርህን አወጣሁት። አየሁት፣ አየሁትና መልሼ ስልኬን አስቀመጥኩ። "ሁላችሁም አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ከበደኝ። መልሱን ፈርቼ ነው። ደህና መሆንህን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ያም ሆኖ አልደወልኩም። ይቅር በለኝ።

አሁን ያለሁት ሆቭ ነው። ከለንደን በስተደቡብ፣ ባሕሩ ዳር ያለች ከተማ ናት። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ከምንከባከባቸው አንዱ ሽማግሌ የክሪኬት ፍቅር አለባቸው። በጋ ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ሜዳ እወስዳቸዋለሁ። የአውራጃችን ቡድን የሰሴክስ ሜዳ ከእኛ ቅርብ ነው። ወደ ባሕሩ ዘቅዘቅ ያለ ሜዳ ነው፤ ስታየው ኳሷ ተንከባልላ ውኃ ውስጥ የምትገባ ይመስልሃል።

ክሪኬትን መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ ከዚያ ይሮጣል። ነጥቡ በሩጫው ይቆጠራል። አሥር መቺ ከወጣ ተራው ለሌላው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀስ እያለ ግን ይዞኝ ሄደ።

ሽማግሌው የነገሩኝን አንድ ጨዋታ ልንገርህ። አባታቸው በቦታው ነበሩ። እኔም በኋላ ውጤቱን ፈልጌ አነበብኩት።

ጊዜው ነሐሴ 1931 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር የ1939 ኦገስት መጨረሻ። የካውንቲዎቹ (የእንግሊዝ አውራጃዎች ቡድኖች) ሻምፒዮና ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ነው የቀረው። ዋንጫው የሰሜኑ አውራጃ የዮርክሽር መሆኑ ተለይቷል፤ በተከታታይ ሦስተኛው ነው። ጦርነቱ ግን በር ላይ ቆሟል። እንግዳው የዌስት ኢንዲስ ቡድን የቀሩትን ጨዋታዎች ሰርዞ በመርከብ ወደ አገሩ ተሳፍሯል። ለንደን ያለው የኦቫል ሜዳ ለወታደር ተፈልጓል። (በዚያው ሰሞን ጃንሆይ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ፣ በስደት ላይ ነበሩ። አንተ ታሪክ ስለምትወድ ነው ያነሳሁት። እኛ አገር ጦርነቱ ከገባ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር።)

ዮርክሽር ሆቭ መጣ። ጨዋታው የሦስት ቀን ነው፤ የመጣውም ገቢ ጂም ፓርክስ ለሚባል የሰሴክስ ተጫዋች ነው። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ላንድ ተጫዋች የዕድሜ ልክ ጥሪቱ ነበር። ሰሴክስ 387 ሩጫ አገባ፤ ጆርጅ ኮክስ ብቻውን 198። ዮርክሽር 392 መለሰ። አንገት ለአንገት ማለት ይህ ነው።

በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ። ያኔ ሜዳው አይሸፈንም ነበር። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነው፤ ጀርመን ንጋት ላይ ፖላንድን ወረረች። ወሬው እየተናፈሰ እነሱ ሜዳ ገቡ። ርጥቡን ሣር ፀሐይ ሲመታው ኳስ አቅሉን ይስታል፤ ይዘላል፣ ይጠማዘዛል። ሄድሊ ቬሪቲ የሚባል የዮርክሽር ወርዋሪ ነበር፤ ግራኝ ነው፣ ቀስ አድርጎ የሚያዞር። ያን ቀን 48 ኳስ ወረወረ። ሰባት ሰው አስወጣ፤ የሰጠው ዘጠኝ ሩጫ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ተራ 387 ያገባው ሰሴክስ 33 ላይ አለቀ። 33!

ዮርክሽር አሸነፈ። ማንም ግን የተደሰተ አልነበረም አሉ። ተጫዋቾቹ አውቶብስ ተሳፍረው ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ያን ምሽት ከተማው ሁሉ መብራት እንዲያጠፋ ታዝዟል። በጨለማው መሄድ ስላልቻሉ ሌስተር አደሩ። በማግስቱ ሊድስ ደረሱ፤ የከተማው አደባባይ ላይ ወርደው ተለያዩ። ያ ቡድን ከዚያ በኋላ እንደነበረ ሆኖ አልተሰበሰበም። በማግስቱ እሑድ እንግሊዝ ጦርነት አወጀች፤ የቀሩት ጨዋታዎች ሳይካሄዱ ቀሩ። ሻምፒዮናው የተመለሰው በእነሱ አቆጣጠር በ1946 ነው።

ቬሪቲ ወታደር ሆነ፤ በሻምበልነት ሲሲሊ ላይ ዘመተ። ቆስሎ ተማረከ፤ ጁላይ 31 ቀን 1943 ካዜርታ፣ ጣሊያን ውስጥ ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። ሆቭ ላይ ያስወጣቸው ሰባት ሰዎች በሻምፒዮናው የመጨረሻዎቹ ሆኑ። ጓደኛው ቢል ቦውስ በምርኮ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ከስቶ ተመለሰ። ሌላው የዮርክሽር መቺ ሌን ሃተን በልምምድ ላይ ክንዱ ተሰብሮ ግራ እጁ አጠረ፤ በአጭር እጁ ተመልሶ ተጫወተ።

ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ስለ 33ቱ ነው የሚደነቁት። እኔ ልቤ የቀረው አውቶብሱ ላይ ነው።

ትዝ ይልሃል መስቀል አደባባይ? በ2012፣ ገና ሳይነጋ። ኮሮና የእግር ኳስ ሊጉን አሰርዞታል፣ ሥራም ቀዝቅዟል፤ አንተ ለጊዜው ብለህ ወደ መቐለ ልትሄድ ነው። ሻንጣህን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። "ሊጉ ሲጀመር ተመልሼ አለሁ" አልከኝ። እኔም "የሚቀጥለው ዋንጫ የፋሲል ነው፣ ኪስህን አዘጋጅ" አልኩህ። ሳንተቃቀፍ ነው የተለያየነው፤ በኮሮናው ምክንያት።

በ2011 ያንተ መቐለ ሰባ እንደርታ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ በውርርዳችን ተሸንፌ ክትፎ የጋበዝኩህ እኔ ነበርኩ። የእኔ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ ወጥቶ ልቤ እየነደደ፣ ያንተን ደስታ እያየሁ አብሬህ እስቅ ነበር። ከዚያ 2013 መጣ። በጥቅምት ጦርነቱ ጀመረ። ሊጉ በ13 ክለብ ተካሄደ። መቐለ የለም፣ ወልዋሎ የለም፣ ሽረ የለም። እና በዚያ ዓመት ፋሲል ሻምፒዮን ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ዋንጫ ነው። እዚሁ ሆቭ፣ ክፍሌ ውስጥ በስልኬ አየሁት። ጮኽኩ። ከዚያ የደረጃ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእናንተ ስም የለበትም። ልደውልልህ እጄ ስልኩ ላይ ሄደ፤ መስመር እንደሌለ ያኔ ትዝ አለኝ።

ያቺን ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእኔ የዝምታዬ ዋና ምክንያት እሷ ናት። አንተ ዳቦ አግኝተህ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ለዋንጫ ጮኼ ነበር።

በ2017 ሦስቱም ክለቦች ወደ ሊጉ ሲመለሱ የጨዋታውን ፕሮግራም አወጣሁና "መቐለ 70 እንደርታ" የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩ። የሚያውቁህ ሰዎች ስምህን የጠሩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ያ ቡድን ውስጥ ከምናውቃቸው ተጫዋቾች ማን ቀረ? ስታዲየሙስ እንዴት ነው? አንተስ ኳስ ትመታለህ ወይስ ትተኸዋል? አግብተሃል ይባላል፤ እውነት ከሆነ ስሟን ንገረኝ። ማውራት የማትፈልገውን አልጠይቅህም። መናገር ስትፈልግ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አነሳዋለሁ። ቁጥሬን ከታች ጽፌልሃለሁ።

ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ስለ ውርርዳችን ግን አንድ ነገር። የ2013ቱን እራት አልጠይቅህም፤ አልቆጥረውም። ከ2011 እንቀጥል። ያኔ አንተ ነበርክ የምትመራው።

ያንተው