«ወደ ሥራዋ ትመለስ» ከተባለ በኋላ ሰባት ወር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 57 ደርሷል። አሁንም እዚያው ስለምሠራ የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሳም።

ጥቅምት 2014 ላይ ንብረት ሲቆጠር 14 የፕሪንተር ቀለም ጎደለ ተባለ። እኔ ያለ ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ)፣ ያለ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) አንዲት እስክሪብቶ አውጥቼ አላውቅም። ቀለሙን የወሰደው ሰው ፊርማ ሞዴል 22 ጥራዝ ላይ አለ። ጥራዙ ይቅረብልኝ ብዬ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አመለከትኩ፤ አልቀረበም። ሁለት ምስክር ቆጠርኩ፤ አልተጠሩም። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 አንድ ሠራተኛ ከሥራ የሚታገደው ከሁለት ወር ለማይበልጥ ጊዜ ነው ይላል። እኔ ያለ ደመወዝ አራት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። የካቲት ላይ የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ።

ስንብት በዚያ አዋጅ የመጨረሻው ቅጣት ነው። ከሱ በፊት የቃልና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የአንድ ወር፣ ቢከብድ የሦስት ወር ደመወዝ መቀጮ አለ፤ ከደረጃ ዝቅ ማድረግም አለ። የ26 ዓመት ማህደሬ ውስጥ አንዲት ማስጠንቀቂያ የለችም።

የተጨነቀ ሰው የሰማውን ሁሉ ያምናል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኘኋት የቀድሞ ባልደረባዬ «በዚህ ነገር የተባረረን ፍርድ ቤትም አይመልሰውም» ስትለኝ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እሷ የሰማችው ለካ በ2000 ዓ.ም. ስለወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155 ነው። የደንቡ አንቀጽ 37 ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ የተለመደውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት የሚፈቅድ፣ የተሰናበተውንም በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራ የመመለስ መብት የሚነሳ ነበር። እኔን አይመለከተኝም። ቢመለከተኝ ኖሮ ግን ያን የሞዴል 22 ፊርማ ለማን አሳየው ነበር? ሌላ ሰው ደግሞ የሥራ ክርክር ችሎት ሂጂ አለኝ። እሱም የኔ በር አልነበረም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይሸፍንም። የኔ በር የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነበር።

ኅዳር 2015 ላይ ተወሰነልኝ። ማስረጃዬ ሳይታይ፣ ምስክሮቼ ሳይሰሙ የተላለፈው ስንብት ተሽሮ ወደ መደቤ እንድመለስ፣ ውዝፍ ደመወዜም እንዲከፈለኝ ተባለ። ከመገናኛ አራብሳ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ውሳኔውን ይዤ ስሄድ የሰው ሀብት ክፍሉ «ሕግ ክፍል አስተያየት ይስጥበት» አለ። ሕግ ክፍሉ «ኃላፊው ይምሩበት» አለ። ከዚያ በመደቡ ላይ ሌላ ሰው ተመድቧል ተባለ፤ ለውዝፉ በጀት አልተያዘም ተባለ፤ በጀት ዓመቱ ይዘጋና እናያለን ተባለ። ይግባኝ ብለው ቢሆን ባልከፋኝ፣ መብታቸው ነው። ይግባኝም አላሉ፣ እግድም አላመጡ። የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍቼ ሰኔ 2015 ላይ ነው ግምጃ ቤቴ የገባሁት። የቤቱን የባንክ ዕዳ ወንድሜ ከፈለልኝ፤ የዕቁብ ዕጣዬን ለጎረቤት ለቀቅኩ።

ላልሠራሁበት 20 ወር ደመወዝ ተከፈለኝ። በነዚያ ወራት በቦታዬ የተመደበችው ልጅም ሠርታ ደመወዟን ወስዳለች፤ በሷ አልፈርድም። የሕዝብ ገንዘብ ግን ለአንድ መደብ ሁለት ጊዜ ወጣ። ከ20ው ወር ሰባቱ ከውሳኔው በኋላ የተቆጠሩ ናቸው። ውሳኔውን ጠረጴዛው ላይ ያሳደረው ሰው ስለነዚያ ሰባት ወራት ማንም ምንም አልጠየቀውም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጠበቃ ጎረቤቴ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙበትን አንድ ቅጽ አውሰውኝ ነበር። ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ጥራዝ በኛ ሰው ሀብት ክፍል መደርደሪያ ላይ አይቼ አላውቅም። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱን የቀድሞ ውሳኔዎች ደግሞ ታትመው እንደሆነ ብዬ ፈልጌ አላገኘሁም። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ክፉ ሰው አይደሉም። ምስክር ባለመሰማቱ የተሻረ የአንድ ሌላ ሠራተኛ ስንብት አንብበው ቢሆን የኔን ሁለት ምስክሮች ይጠሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ወደ ሥራ ይመለስ የሚል ውሳኔ እስከ ስንት ቀን እንደሚፈጸምና የትኛው ኃላፊ እንደሚያስፈጽመው ይጻፍበት። ቀኑ ካለፈ ያቆየው ሰው ይጠየቅበት። ውሳኔዎቹ የባለጉዳዩ ስም ወጥቶ ይታተሙና ለየመሥሪያ ቤቱ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይድረሱ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ጡረታ። ከደመወዛችን በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። ውሳኔው ውዝፍ ደመወዝ አለ እንጂ ስለ ጡረታ መዋጮ ቃል አልተናገረም። 60 ዓመት ሊሞላኝ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ያ 20 ወር ለጡረታዬ ገብቶልኛል ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ በማመልከቻ ጠይቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ በጽሑፍ የመለሰልኝ የለም።

የግምጃ ቤት ሠራተኛ
ከቦሌ አራብሳ