የባዮሎጂ ክበብ፦ ክሩ መንገዱን በምን አወቀ?

ዘንድሮ ችግኝ ተክለናል፣ ጅማ አጠገብ ወዳለው ቦዬ ረግረግ ወርደንም ወፍ ቆጥረናል። ዓመቱን የወሰደብን ግን አንድ ጥያቄ ነው።

ኅዳር ላይ የጆሮን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሳለ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፅንሱ ውስጥ እነዚህ የነርቭ ክሮች የት እንደሚሄዱ ማን ነገራቸው?» የሰጠኋት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝን። ሐሙሶቹ እስከ ሰኔ ቀጠሉ።

የውስጠኛው ጆሮ ኮክልያ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለች ናት። በሰው ውስጥ 30,000 ገደማ የነርቭ ህዋሳት ድምፅን ከእሷ ተቀብለው ወደ አንጎል ያደርሳሉ። 95 ከመቶ ያህሉ ክራቸውን ድምፅን ወደሚለዩት ውስጠኞቹ ፀጉራም ህዋሳት ዘርግተው እዚያው ይቆማሉ። የቀሩት ጥቂቶች ወደ ውጭኞቹ ይሻገሩና ወደ ኮክልያዋ ሥር ይታጠፋሉ። ይህ መታጠፍ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሚያድግ ክር ጫፍ ላይ እንደ ጣት የሚዳስስ ነገር አለ። ስፔናዊው የነርቭ ተመራማሪ ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 በጫጩት ፅንስ ውስጥ አይቶ ገልጾታል። ይህ ጫፍ ዓይን የለውም። ዙሪያው ያሉት ህዋሳት የሚያወጡት ኬሚካል ግን አንዱ ይስበዋል፣ ሌላው ያባርረዋል።

ይህን ለማየት ግቢው ውስጥ በአንዱ ጥግ ቡና ቆላን። በሌላው ፍም ላይ በርበሬ ጣልን። ዓይኑ በሻሽ የታሰረ ልጅ በርበሬው ጋ ሲደርስ አስነጥሶት ዞረ፤ ቡናው ጋ ሄዶ ቆመ። በአይጥ ጆሮ ውስጥ የበርበሬውን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ሴማፎሪን 3ኤፍ የሚባለው ፕሮቲን ነው። ውስጠኞቹ ጋ መቆም ያለባቸውን ክሮች ወደ ውጭኞቹ እንዳያልፉ ይመልሳቸዋል። ክሩ ይህን ፕሮቲን የሚለይበት ተቀባይ ሲጠፋ አንዳንዶቹ ክሮች አልፈው ይሄዳሉ።

ልጆቹ ግን አልረኩም። ሽታ ከሩቅ ይመጣል፤ አንዳንዱ ምልክት ግን ሲነካ ብቻ ነው የሚታወቀው። ልክ ናቸው። በሳምንቱ መሬት ላይ ጆንያና የኮባ ቅጠል አንጥፈን፣ ዓይናቸውን ሸፍነው በባዶ እግር መንገዳቸውን ፈለጉ። ያን ቀን የነበረው ሳቅ!

ከአዌቱ ወንዝ ዳር ባመጣነው ጭቃ የሠራነው ኮክልያ ደርቆ ተሰነጠቀ። ጭድ ቀላቅለን እንደገና ሠራነው። 95 ቀይና 5 ሰማያዊ ክር ዘረጋንበት።

ሚያዝያ ላይ ያቺው ልጅ ሌላ ጥያቄ አመጣች። ታናሽ ወንድሟ ማጅራት ገትር ከታመመ ወዲህ አይሰማም። «የእሱ ክር መንገድ ጠፍቶበት ነው?» አይደለም፣ አልኳት። የእሱ ክሮች ሳይወለድ በፊት ደርሰዋል። በሽታው ፀጉራም ህዋሳቱን ሊጎዳ ይችላል፤ እነሱ ደግሞ በወፍ ጆሮ ውስጥ መልሰው ሲበቅሉ በሰው አይበቅሉም። ይህን ስነግራት ከብዶኝ ነበር።

በሰኔው የወላጆች ቀን ወንድሟን ይዛው መጣች። ከኮክልያው አጠገብ ቁጢጥ አለ። አንዱን ቀይ ክር በጣቱ ከአንጎል በኩል ይዞ እስከ ጫፉ ተከተለ። ከዚያ ሰማያዊውን ያዘ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ እህቱን አያት።