የጋሼ ጂም ክረምት ሳይገባ ይታደስ

ሽሮ ሜዳ ያደገ ልጅ የጋሼን ጂም ያውቃል። በግቢው ጥግ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጋሼ ቀን ብየዳ ሲሠራ ይውልና ማታ ማታ እዚያ ክብደት ማንሳት ያስተምረን ነበር። ከማንም አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር፤ ለሁላችንም ጋሼ ነው። ባለፈው ጥቅምት አረፈ። እኛ ልጆቹ፣ የወለዳቸውም ያሰለጠናቸውም፣ አሁን ወደ እናንተ የመጣነው ጂሙ እንዳይዘጋ እንድታግዙን ነው።

ጂሙን ከምን እንደሠራው ላላየ ሰው ማመን ይከብዳል። ዘንጉን የበየደው ራሱ ነው። ክብደቶቹ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ጣሳዎች ናቸው። ወፍጮ ቤት ይወስድና በእህል ሚዛን ይመዝናቸዋል። ከጎደለ ይጨምራል፤ ከበለጠ በመሮ ይፈለፍላል። ከዚያ ልክ እንደ ውድድሩ ይቀባቸዋል፦ 25 ኪሎው ቀይ፣ 20ው ሰማያዊ፣ 15ቱ ቢጫ፣ 10ሩ አረንጓዴ። የውድድር ትልልቅ ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ ዘንጉ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ጣሳ ግን አጭር ነው። ዘንጉ ዝቅ ሲል ልጁ ጀርባውን አጉብጦ ያነሳል፤ ወገብ የሚጎዳውም እንዲህ ነው። ስለዚህ ጋሼ በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካ ከየጣሳው ሥር ጣውላ ያስገባ ነበር። አዲስ የመጣ ልጅማ ብረት አይነካም። በመጥረጊያ እንጨት አቋቋሙን እስኪያስተካክል ይሠራል። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን እሱ ጋ ወገቡን ተጎድቶ የቀረ ልጅ አላስታውስም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን በሩ ይቆለፋል። «እራት ከልጆቼ ጋር ነው» ይላል፤ በቃ፣ ልመና አይሰማም። የልጆቹን ደብተር ሳያይ አይተኛም ነበር። ባለቤቱ ታማ የተኛች ጊዜ ልምምዱን ለትልልቆቹ ልጆች ሰጥቶ ወጡንም ልብሱንም እሱ ያዘ። ለውዝግብ የመጣ ጎረቤት ሲኖር ሽንኩርቱን እየከተፈ ያዳምጠዋል። ያን ጊዜ ጎረምሶች ነበርን። ዛሬ ብዙዎቻችን አባቶች ሆነናል፤ ቤታችን ውስጥ የምናደርገውን ከማን እንዳየነው እናውቃለን።

ሴቶች ልጆች መምጣት የጀመሩት በትንሿ ልጁ ምክንያት ነው። «እኔስ?» አለችው። ከውሃ ቧንቧ ቀለል ያለ ዘንግ ሠራላት፤ ከዚያ ጓደኞቿ ተከተሏት። የሴቶች ክብደት ማንሳት ኦሊምፒክ የገባው እንደ አውሮፓውያኑ በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ግብጻዊቷ ሳራ ሳሚር በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ ስታገኝ ጋሼ ፎቶዋን አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በ2024 ፓሪስ ላይ ብር ስትወስድማ የገዛ ልጁ ያሸነፈች ነበር የሚመስለው። ለሴቶቹ ልጆች የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ እሷም አፍሪካዊት ናት።

አሁን የሚያስፈልገን ምንድን ነው? ቆርቆሮው ዝጓል፣ ያፈሳል። እሱ መጀመሪያ ይቀየራል። ወለሉ ላይ መሐሉ ጣውላ፣ ዳርና ዳሩ ወፍራም ጎማ የሆነ መድረክ እንሠራለን። የውድድሩ መድረክ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ክፍሏ ስለማትበቃ ወደ ግቢው እናሰፋዋለን። ከዚያ ሁለት ትክክለኛ ዘንጎች ከነጎማ ዲስኮቻቸው እንገዛለን፦ ለወንዶች 20 ኪሎ፣ ለሴቶች ደግሞ ቀጠን ያለውና 15 ኪሎ የሚመዝነው።

በጣሳው ብንቀጥልስ የሚል ሰው አይጠፋም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የትክክለኛው ዘንግ ጫፎች በኩሽኔታ ይሽከረከራሉ። የተበየደው ዘንግ አይሽከረከርም፤ ልጁ ብረቱን ወደ ትከሻው ሲገለብጥ ጫናው የእጁ አንጓ ላይ ያርፋል። ደግሞ በዚህ ስፖርት ያልቻለ ሰው መልቀቅ አለበት። የጎማ ዲስክ ቢለቀቅ ነጥሮ ይቀመጣል። የሲሚንቶ ጣሳ ይሰነጠቃል። ልጆቹ ጣሳው እንዳይሰበር ብለው የከበዳቸውን ይዘው ይታገላሉ። ጋሼ በነበረ ጊዜ ከኋላቸው ቆሞ «ልቀቅ!» ይላቸው ነበር። አሁን ያ ዓይን የለም።

ባለቤቱ ግቢውን ፈቅዳልናለች። ለቤተሰቡ ብር እናዋጣ ስንላት፣ ለልጆቹ አድርጉት ብላ የመለሰችን እሷው ናት። ትልቁ ልጁ አሰልጣኝነቱን ይቀጥላል። ሂሳቡ የተከፈተው በእድራችን በኩል ነው፤ ብር የሚወጣው ከእድሩ፣ ከቤተሰቡና ከሰልጣኞች በተወከሉ ሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ የእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ከባዱ ወጪ ዘንጎቹ ናቸው፤ ከውጭ ነው የሚመጡት። አሜሪካና ዱባይ ያላችሁ የጋሼ ልጆች፣ ይህችን ነገር እናንተ ብትይዙልን ትልቅ ሸክም ትቀንሱልናላችሁ። እዚህ ያለን ደግሞ የአቅማችንን። ሃምሳ ብርም ብር ነው። ቆርቆሮ፣ ጣውላ፣ ሚስማር፣ የተረፈ ቀለም ያለው ያምጣ። አናጺዎች፣ የአንድ ቀን ጉልበታችሁን እንለምናለን። የሂሳብ ቁጥሩን የእድሩ ጸሐፊ ይሰጣችኋል።

አሮጌውን ቆርቆሮ የምናወርደው የዳግማ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። መዶሻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቁርስና ቡናው ከእኛ ነው።